ለሥጋ ከብት ማዳቀል፦ ዝነኛውንና ስመ ትንሹን ዝርያ እንዴት እናወዳድር?

ስለ ሥጋ ከብት ማዳቀል ሲወራ ነገሩ ሁሌም ከኮርማው ይጀምራል። አንገስ፣ ሲመንታል፣ ሻሮሌ፣ ብራህማን፤ ስማቸው ከስልክ ወደ ስልክ በሚዘዋወሩ ቪዲዮዎች ገኗል። ስለ ፎገራ፣ ስለ ራያ፣ ስለ ሸኮ የሚያነሳ ጥቂት ነው፤ ስለ ዚምባብዌው ቱሊማ የሰማ ከስንት አንዱ ነው። በእኔ እምነት መነሻው ላሟ መሆን አለባት። ኮርማው ለጥጃው ግማሹን ዘር ሰጥቶ ይሄዳል። ላሟ ግን ሌላውን ግማሽ ሰጥታ፣ 9 ወር ተሸክማ፣ ወልዳና አጥብታ፣ በዚያ ላይ ድርቁንና መዥገሩን ችላ ለሚቀጥለው ዓመት መድረስ አለባት። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው ይህን ሳያሰሉ ኮርማ ሲመርጡ ነው።

ይህን አካሄድ የጻፍኩት የራሱ ላሞች ላሉት አርቢ ነው። ከብት ገዝቶ በ3 ወር አድልቦ የሚሸጥ ሰው 1ኛውን፣ 3ኛውንና 7ኛውን ደረጃ ቢያነብ ይበቃዋል።

1. ገዢዎን አስቀድመው ይለዩ

የአገር ውስጥ ልኳንዳ ጮማ ይፈልጋል። ቁርጥ የሚበላው ደንበኛ ስቡን አይቶ ነው የሚያስመዝነው፤ ስለዚህ በደንብ የደለበ ሰንጋ ዋጋ ያወጣል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የቁም ከብት የሚልከው ነጋዴ ደግሞ የሚሻው ያልተኮላሸ፣ ስብ ያልበዛበት ወጣት ወይፈን ነው። የቦረና ወይፈን በዚያ ገበያ ስሙ የታወቀ ነው። ለትልልቅ ሆቴሎች የሚያቀርብ ሰው ደግሞ ለስላሳና በዕድሜ ያልገፋ ሥጋ ይጠየቃል።

ይህ የዝርያ ምርጫውን ከወዲሁ ያጠበዋል። አንገስና ሄርፎርድ ቶሎ ይደርሳሉ፤ ገና በለጋነታቸው ስብ ይይዛሉ። ሻሮሌና ሊሙዚን ዘግይተው ይደርሳሉ፤ ከስቡ ይልቅ ቀዩ ሥጋ ይበዛባቸዋል፤ እነሱን ለማድለብ ጊዜም መኖም ይበዛል። ማዳቀል ከመጀመርዎ በፊት በአካባቢዎ ከሚገዙ ነጋዴዎች ሁለቱን ሦስቱን «ሻኛው ያነሰ፣ ቀንድ የሌለው ጥቁር ድቅል ይዤ ብመጣ በስንት ትወስደዋለህ?» ብለው ይጠይቁ። በዓይን ግምት በሚሸጥበት ገበያ መልክ ዋጋ ነው፤ የአንገስ ድቅል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ቀንድ አልባ ሆኖ ይወጣል።

2. ላሞችዎን ይለኩ

ሚዛን ከሌለ የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ላሟ ቀጥ ባለ መሬት ላይ በአራት እግሯ እኩል ትቁም። ሜትሩን ከሻኛው በስተኋላ አሳልፈው፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ ባለው የደረት ዙሪያ ይጠምጥሙ፤ ጠበቅ ያድርጉት እንጂ ቆዳው ውስጥ እስኪሰምጥ አይሳቡት። ቀጥለው ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ያለውን ርዝመት ይለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዝተው፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዝተው፣ ለ10,838 ያካፍሉ፤ የሚወጣው በኪሎ ግራም የተገመተው ክብደት ነው። ለምሳሌ ዙሪያዋ 150 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ 125 ሴንቲ ሜትር የሆነች ላም ወደ 260 ኪሎ ትገመታለች። ቀመሩ የተሠራው ሰውነታቸው ሞላ ላሉ የውጭ ከብቶች ስለሆነ ትክክለኛ ሚዛን አይተካም። ነገር ግን ሁሉንም ላሞች አንድ ሰው፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ጠዋት ውሃ ሳይጠጡ ከለካቸው እርስ በርስ ለማወዳደር በቂ ነው።

ከክብደቱ ጎን የመጨረሻዎቹን ሁለት ወሊዶች ወር ይጻፉ። በወሊዶቹ መካከል 2 ዓመት የሚፈጅባት ላም ካለች ችግሩ መኖ ወይም ጤና ሊሆን ይችላል። ያ ሳይስተካከል የውጭ ኮርማ ዘር መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

3. ዝርያዎቹን ከራስዎ ሁኔታ ጋር ያስተያዩ

ከአገራችን ልጀምር። ቦረና ለእኔ የዚህ ሁሉ ንጽጽር መሐል ነው። ከደቡብ ኢትዮጵያ የቦረና ሜዳ የተገኘ ዜቡ (ሻኛ ያለው የሞቃት አገር ከብት) ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የኬንያ ከብት አርቢዎች እየመረጡ ሥጋው እንዲሞላ አደረጉት፤ ከኬንያም ወደ ዛምቢያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ተሻገረ። በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ነብራስካ፣ ክሌይ ሴንተር ባለው የአሜሪካ የሥጋ ከብት ምርምር ማዕከል የቦረና፣ የቱሊና የብራህማን ኮርማዎች ዘር ለአንገስና ለሄርፎርድ ላሞች ተሰጥቶ ልጆቻቸው በአንድ ቦታ ተወዳድረዋል። የብራህማን ልጆች ሲወለዱም ሲያድጉም ከቦረናና ከቱሊ ልጆች ይከብዱ ነበር፤ ሥጋቸው ግን ጠንከር ያለ ሆኖ ተገኘ። የቱሊ ልጆች በሥጋ ልስላሴ ወደ አንገስና ሄርፎርድ ተጠጉ። ማለትም በዝና ከብራህማን ብዙ የሚያንሱት ሁለቱ የአፍሪካ ዝርያዎች ከእሱ ጋር ለመወዳደር የሚያፍሩ አልነበሩም።

የእኛው ቦረና ግን በትውልድ አገሩ አደጋ ላይ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረና እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። ስለዚህ ንጹሕ የቦረና ጊደር ያለው ሰው ሀብት እንደያዘ ይወቅ። ያቤሎ አጠገብ ያለው ዲዳ ቱዩራ ንጹሑን ዘር ለመጠበቅ የሚሠራ የእርባታ ቦታ ነው። የቦረና ኮርማ ሲመርጡ ወገቡን ብቻ አይዩ። ከኋላው ቁመው የኋላ እግሮቹ ተራርቀው ቀጥ ማለታቸውን ያረጋግጡ፤ አራምደው ሰኮናው በእኩል መሬት መንካቱን ይዩ፤ የብልቱ ሽፋን በጣም ተንጠልጥሎ በእሾህና በቁጥቋጦ የሚቆስል እንዳይሆን፤ ሁለቱ የዘር ፍሬዎች እኩል፣ ጠጠር ያሉና በከረጢታቸው ውስጥ የሚንቀሳቀሱ ይሁኑ። እናቱን ማየት ከተቻለ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጡቷን፣ ቁመናዋን፣ ስንት ጊዜ እንደወለደች ይጠይቁ።

ፎገራ በጣና ዙሪያ ባለው ረግረጋማ ሜዳ የኖረ፣ ውሃ የሚተኛበትን መሬትና ዝንቡን የለመደ ከብት ነው። ወተቱም ሥጋውም ደህና ነው። ሜዳው ወደ ሩዝ እርሻ ሲለወጥና ከደጋው ከብት ጋር ሲደባለቅ ግን ንጹሑ እየሳሳ ነው። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል በዚህ ዝርያ ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል። በአካባቢው የምትኖሩ ዘር ከመግዛታችሁ በፊት እዚያ ጠይቁ። የምዕራብ ወለጋው ሆሮ ለእርጥብ አገር የሚሆን ተመሳሳይ አማራጭ ነው። በጋይት ከሁመራና ከወልቃይት አካባቢ የመጣ ትልቅ ከብት ቢሆንም ይበልጥ የሚፈለገው ለወተቱ ነው፤ ጥጃዋን በደንብ የምታጠባ እናት ለሚሻ ሰው ግን ቦታ አለው።

የሐረር ሰንጋ ስም የወጣለት በዝርያው ብቻ አይመስለኝም። የሐረርጌ ገበሬ በሬውን አስሮ ከማሳው የሳሳውን የበቆሎና የማሽላ ቡቃያ፣ ቅጠሉንና አገዳውን በእጁ እየመገበ ያደልባል። ከብቱ ትንሽ ነው፤ አያያዙ ግን ትልቅ ነው። ድቅል የሌለው ቤትም ይህን አመጋገብ ቢወስድ ይጠቀማል። ራያ ረጅም ቀንድ ያለው፣ ለእርሻ የታወቀ ከብት ነው፤ ደረቅ አገር ላለ ሰው እንደ እናት መስመር ሊታሰብ ይገባዋል።

ሸኮን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። በደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ ሻኛው እምብዛም የማይታይ፣ አጭር ቀንድ ያለው ትንሽ ከብት ነው። በጊቤ ሸለቆ ከአቢጋር፣ ከጉራጌና ከሆሮ ጋር ሲወዳደር ገንዲን (የቆላ ዝንብ የሚያስተላልፈውን የከብት በሽታ) በመቋቋም ከሁሉም ተሽሎ ተገኝቷል። የገንዲ ዝንብ ባለበት ቆላ የሚያረባ ሰው በኪሎ ብቻ መዝኖ ሸኮን ቢጥለው ትልቁን ነገር ይጥላል። ቁጥሩ እያነሰ፣ ከዜቡ ጋር እየተደባለቀ ነውና ንጹሕ የሸኮ ጊደሮችን ለውጭ ኮርማ አትስጡ። የሸኮ ኮርማን ግን ዝንብ ባለበት አገር ለሌሎች ላሞች መጠቀም ትርጉም አለው።

ወደ ውጭዎቹ እንሂድ። አንገስ ከስኮትላንድ ነው፤ በሥጋው መሐል ስስ ስብ ይይዛል፣ ቀላል ወሊድም አለው። ሄርፎርድ የእንግሊዝ ነው፤ ለግጦሽ ይስማማል። ሲመንታል ከስዊዘርላንድ የመጣ የወተትና የሥጋ ከብት ነው፤ አገራችን በ1960ዎቹ በጀመረችው የማዳቀል ምርምር ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ለቦረናና ለሌሎች ላሞች ተሰጥቶ ተሞክሯል፤ ሴት ልጆቹን ለወተትም ለማስቀረት ለሚፈልግ ሰው ከሁሉም ይመቻል ብዬ አምናለሁ። ሻሮሌ ትልቅ ጥጃ ስለሚያመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትወልድ ጊደር በፍጹም አይሰጥ። የቤልጂየም ብሉ ነገር ደግሞ ይቅር፤ ጡንቻው እጥፍ የሚሆነው የጡንቻን እድገት የሚገታው ዘረ መል ስለተበላሸ ነው፤ በአገሩ ንጹሖቹ በብዛት የሚወለዱት በቀዶ ጥገና ነው። የእንስሳት ሐኪም በሌሊት ለማይደርስበት ሰው ይህ የላም ሞት ነው።

ከውጭዎቹ ስማቸው ብዙም ያልተሰማ ሦስት አሉ፦ ቱሊ፣ ሴኔፖልና ቦንስማራ። ቱሊ «ሳንጋ» ከሚባሉት፣ አነስተኛ ሻኛ ካላቸው የዚምባብዌ ነባር ከብቶች ተመርጦ የወጣ ነው። ሴኔፖል ከካሪቢያኗ ሴንት ክሮይ ደሴት ሲሆን አጭርና ለጥ ያለ ጸጉሩ ሙቀት ያስችለዋል፤ ይህ ባሕርይ ወደ ልጁ ይተላለፋል። ቦንስማራ በደቡብ አፍሪካ ያን ቦንስማ የሚባል ሳይንቲስት ከ1930ዎቹ (እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ከአገሬው አፍሪካነር፣ ከሄርፎርድና ከሾርትሆርን ያወጣው ነው፤ አምስት ስምንተኛው አፍሪካነር ነው። ሰውዬው ከብቶቹን በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ፀሐይ ላይ አድርጎ ሙቀታቸውን፣ ጸጉራቸውንና እድገታቸውን እየለካ ነው የመረጠው። የሦስቱም ዘር እንደ አንገስ በየቦታው አይገኝምና አስመጪውንና የማስገቢያ ፈቃዱን ሳያረጋግጡ ዕቅድ አያውጡ።

ለቆላና ለመዥገር አገር ምክሬ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ ጥሩ የቦረና ኮርማ። ለደጋና ወይና ደጋ፣ መኖ ማቅረብ ለሚችል ሰው፦ የአገር ላም ከአንገስ ወይም ከሲመንታል።

4. የደሙን መጠን በወረቀት ያስሉ

የአገር ላም ከውጭ ኮርማ ስትወልድ ጥጃው 50 በመቶ የውጭ ደም ይኖረዋል፤ የድቅል ብርታቱም (ከወላጆቹ አማካይ የሚበልጥበት ጉልበት) ሙሉ ነው። ዜቡ ከአውሮፓ ከብት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ይህ ብርታት ከሌላው ማዳቀል ሁሉ ይበልጣል። ሴቷን 50 በመቶ መልሰው ለያው ለውጭ ዝርያ ቢሰጧት ጥጃው 75 በመቶ የውጭ ደም ይዞ ብርታቱ በግማሽ ይወርዳል፤ መዥገሩና ሙቀቱ የሚያጠቃው ያኔ ነው። ሁለት ዝርያ እያፈራረቁ ማዳቀል በጊዜ ብዛት 67 በመቶ ያህሉን ብርታት ያቆያል፤ ሦስት ዝርያ ከሆነ 86 በመቶ ያህሉን። ይህ ግን ዝርያ በዝርያ የተለየ ኮርማና ጥንቁቅ መዝገብ ይጠይቃልና ላሙ ጥቂት ለሆነ ሰው አልመክረውም። ለእሱ የሚቀለው ከድቅል ወንዱን ሁሉ ለሥጋ መሸጥ ነው።

ብርታቱ በይበልጥ የሚታየው በማርገዝ፣ በመትረፍና በጥጃ እድገት ነው። በሥጋው ጥራት ላይ የሚያመጣው ለውጥ አነስተኛ ነው፤ የሥጋ ጥራት የሚመጣው ከተመረጠው ኮርማ ነው።

5. ማዳቀል

አንድ ጥሩ ዜና አለ። ዜቡው ብራህማን ኮርማ ለአውሮፓ ላም ሲሰጥ ጥጃው ይገዝፋል፤ በተገላቢጦሽ የአውሮፓ ኮርማ ለዜቡ ላም ሲሰጥ የላሟ ማሕፀን የጥጃውን ክብደት ይገታል። ስለዚህ አንገስ ለቦረና ላም መስጠት ከሚፈራው በላይ ደኅና ነው። ቢሆንም የመጀመሪያውን ወሊድ በአገር ኮርማ አድርገው የውጩን ከሁለተኛው ወሊድ ቢጀምሩ ይሻላል።

በሰው ሠራሽ ዘዴ ካዳቀሉ ትልቁ ፈተና ድራቱን (ላሟ ኮርማ የምትሻበትን ጊዜ) ማየት ነው። የዜቡ ላም የድራት ጊዜ አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌሊት ይመጣል። ጎህ ሲቀድና ከመሸ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለው ይመልከቱ፦ ሌላ ላም ስትወጣባት ጸንታ የምትቆም፣ ከብልቷ ንጹሕ ልጋግ የምታወጣ፣ የምታገሳና መብላት የምታቆም ላም ድራት ላይ ናት። ጠዋት ከታየች የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ማታ ከታየች በማግስቱ ጠዋት ይዳቀል። አዳቃዩ ሲመጣ ዘሩ ከናይትሮጂን ወጥቶ ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 40 ሰከንድ መቆየቱን ዓይንዎ ይመልከት፤ ፀሐይ ላይ የተያዘ ዘር ያልቃል። ድራት ለማስመጣት መርፌ የሚሰጥ ከሆነ እርጉዝ አለመሆኗ በእጅ ምርመራ ይረጋገጥ፤ መርፌው ጽንስ ያስወርዳል።

በኮርማ ካዳቀሉ አንዱ ኮርማ ለ25 ላም ያህል ይበቃል። ኮርማው ሴት ልጆቹ ለኮርማ ከመድረሳቸው በፊት ይሽጥ ወይም ከሌላ አርቢ ጋር ይለወጥ። ሲገዙም የውርጃ በሽታ ምርመራ ይጠይቁ።

6. ወሊድ

ላሟ ምጥ ይዟት ከ2 ሰዓት በላይ ያለ ለውጥ ከቆየች ሐኪም ይጠራ። ጥጃው በተወለደ በ6 ሰዓት ውስጥ እንገር በበቂ ይጠጣ፤ እትብቱ በአዮዲን ይነከር። በዚያው ቀን ይመዘን፤ ካልተቻለ የደረቱ ዙሪያ ይለካ።

7. በእኩል ሜዳ ያወዳድሩ

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው። ድቅሉን በፉርሽካና በፋጉሎ ያሳድጋል፤ የአገሩን ጥጃ ከጭድና ከግጦሽ ጋር ይተወዋል፤ ከዓመት በኋላ «ድቅል ይበልጣል» ይላል። እንዲህ ያለ ንጽጽር ምንም አያስረዳም። ጥጆቹ በአንድ ወቅት የተወለዱ፣ ጾታቸው አንድ፣ መኖአቸው አንድ መሆን አለበት። ከእያንዳንዱ ኮርማ ሁለት ሦስት ጥጃ አይቶ መፍረድም አይቻልም፤ ቢያንስ 10 ያህል ልጅ እስኪኖረው ይታገሱ። ላምዎ ጥቂት ከሆነ ከጎረቤት ጋር ሆናችሁ አንድ መዝገብ ያዙ።

በመዝገቡ ላይ የሚገባው፦ የእናት ስምና ዝርያ፣ የአባት መለያ ቁጥር፣ የልደት ቀንና ክብደት፣ ጡት ሲጥል ያለው ክብደት፣ የዓመት ክብደት፣ ያጋጠመው በሽታና የመድኃኒት ወጪ፣ የሞተ ካለ የሞተበት ወር። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ ትክክለኛው ትርፍ የሚታየው ግን እዚያ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ድቅሉ በ90 ቀን 72 ኪሎ ጨመረ እንበል፤ የመኖው ወጪ 18,000 ብር ነበር። የአገሩ ወይፈን 54 ኪሎ ጨመረ፤ ወጪው 10,800 ብር። ድቅሉ ለእያንዳንዱ ኪሎ 250 ብር፣ የአገሩ 200 ብር ፈጀ ማለት ነው። በዓይን ድቅሉ ያምራል፤ በአንድ ኪሎ ወጪ ግን የአገሩ ይረክሳል። መኖ በራስዎ ማሳ የሚበቅል ከሆነ፣ ደሾ ሣር፣ አልፋልፋ፣ ዝሆኔ ሣር ካለዎት፣ ስሌቱ ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የሰው ቁጥር አይዋሱ፤ የራስዎን ያስሉ።

የወተት ላም ላላቸውም አንድ ነገር ልጨምር። ወተቷ ያነሰባትን ድቅል ላም እንደገና ለፍሪዥያን ከመስጠት ይልቅ የአንገስ ዘር ቢሰጧት፣ ያለ ዋጋ ይሸጥ የነበረው ወንድ ጥጃ የሚደለብ ወይፈን ይሆናል። የላም መንጋ ሳይገዙ የሥጋ ዝርያን ለመሞከር ከዚህ የረከሰ መንገድ አላውቅም።

8. ሴቶቹን ይወስኑ

ከንጹሕ የአገር ላሞችዎ ምርጦቹን፣ ቢያንስ ግማሹን፣ በየዓመቱ ለራሳቸው ዝርያ ኮርማ ይስጡ። የውጭውን ዘር ለቀሩት ያድርጉ፤ ያለዚያ ከጥቂት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ድቅል የሚወልድ እናት አይኖርዎትም። 50 በመቶ የሆኑት ጊደሮች ጥሩ እናት ስለሚሆኑ ካቆዩአቸው ቀጣዩ ኮርማቸው የአገር ይሁን፤ መኖና ሐኪም ከተሟላ ደግሞ ሦስተኛ ዝርያ መስጠት ይቻላል፤ ከዚያ የሚወለዱት ወንድም ሴትም ለሥጋ ይሸጣሉ። ይህን ውሳኔ ጊደሮቹ ለኮርማ ከመድረሳቸው በፊት ይወስኑና የጆሮ ምልክት ያድርጉባቸው፤ ለእርባታ የሚቆዩትን በአንዱ ጆሮ፣ ለሽያጭ የሚሄዱትን በሌላው።